አሮጌ ሪቮልቨር ለመግዛት ላሰባችሁ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ስለ አሮጌ ሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይት የሚጎርሰው ክፍላቸው ስለሚሽከረከር ሽጉጦች፣ ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ባልኩት መሠረት ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጋሼ፣ አንድ ጎረቤታችን የአያቱን ሽጉጥ ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። ዋጋ ከመነጋገራችን በፊት ምኑን ልይ? (ከሆጤ፣ ደሴ)

ወረቀቱን። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም መነገድንም ይከለክላል። «የአያቴ ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም። ሻጩ ፈቃድ ካለው፣ ፈቃዱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር አስተያይ። ከዚያ ሁለታችሁም ፖሊስ ዘንድ ቀርባችሁ ዝውውሩ ይፈቀድ እንደሆነና እንዴት እንደሚፈጸም ጠይቁ። እስከዚያ ድረስ ቀብድ እንኳ እንዳትሰጥ። ወረቀት የሌለው ሽጉጥ ምንም ያህል ቢያምር እኔ ዘንድ ዋጋ የለውም፤ የሚያመጣው እስር ነው።

በእኛ አካባቢ በየቤቱ ተቀምጠው የኖሩት የየት አገር ሥራ ናቸው? (ከኮምቦልቻ)

የወሎ ታሪክ ይነግርሃል። ጣሊያን ሚያዝያ 1928 ደሴ ገባ፤ ሚያዝያ 1933 ደግሞ የኮምቦልቻን መተላለፊያ ተዋግተው ላለፉት የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች እዚያው ደሴ ላይ እጁን ሰጠ። ስለዚህ የጣሊያኑን የ1889 ሞዴል፣ ቦዴዮ የሚባለውን፣ ማወቅ ይጠቅማል። ስድስት ጎራሽ ነው። ለተራው ወታደር የተሠራው የቃታ መከለያ ቀለበት የለውም፤ ቃታው ራሱ ወደ ፊት ይታጠፋል። የመኮንኖቹ ግን መከለያ አለው። ይህን የማያውቅ ሰው መከለያ የሌለውን ሲያይ «ተሰብሮ ወድቋል» ብሎ ዋጋ ያዋርዳል። የእንግሊዙ ዌብሊ ደግሞ ከመሐሉ ተሰብሮ ወደ ታች ሲከፈት ስድስቱን ቀለህ በአንድ ጊዜ ይተፋል።

የአባቴ ሽጉጥ ላይ «ስሚዝ ኤንድ ዌሰን» የሚል ጽሑፍ አለ። የአሜሪካ ነው ማለት ነው? (ከሰኞ ገበያ)

እህቴ፣ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አንብቢው። በስፔን ኤይባር ከተማና በቤልጅግ ተመሳስለው የተሠሩ እጅግ ብዙ ሽጉጦች አሉ። አፈሙዙ ላይ የታወቀውን ስም በጉልህ ይጽፉና ከፊቱ ወይም ከኋላው «ለዚህ ጥይት የሚሆን» የሚል ቃል በደቃቁ ይጨምራሉ። ቃሉ እውነት ነው፤ ጥይቱን ይቀበላል፤ ፋብሪካው ግን ሌላ ነው። ለገዢ ትልቁ ወጥመድ ይኸው ነው። አጉሊ መነጽር ያዢና ተሽከርካሪውን፣ ማለትም ጥይት የሚጎርሰውን ክፍል፣ ዙሪያውን ተመልከቺ። በሞላላ ክብ ውስጥ ኢ፣ ኤል እና ጂ ፊደላት ተመትተው ካየሽ፣ የቤልጅጓ የሊዬዥ ከተማ የፍተሻ ማኅተም ነው። ቅጂ መሆኑ ከንቱ አያደርገውም፤ የአባትሽ ንብረት ነው። በዋናው ዋጋ ግን አይሸጥም፤ በዋናው ዋጋም የሚገዛ ሰው ተታልሏል።

ናጋንት ነው ተብሎ አየሁ። መቺውን ወደ ኋላ ስስበው ተሽከርካሪው ወደ ፊት ይንሸራተታል። ብልሽት ይሆን?

በጭራሽ! ናጋንትን ናጋንት ያሰኘው ይህ ነው። በሌሎቹ ሪቮልቨሮች በተሽከርካሪውና በአፈሙዙ መካከል ቀጭን ክፍተት አለ፤ ሲተኮስ ጋዝ ያመልጥበታል። ናጋንት ግን ተሽከርካሪውን ወደ ፊት ገፍቶ ክፍተቱን ይዘጋል። ጥይቱም ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው፤ እርሳሱ፣ ማለትም ተወርውሮ የሚሄደው የጥይቱ ክፍል፣ ቀለሁ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተቀብሯል፤ የቀለሁ አፍ ወደ አፈሙዙ ገብቶ ይደፍናል። ጎሬዎቹን፣ ማለትም ጥይት የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች፣ ቁጠር፤ ሰባት መሆን አለባቸው። የቤልጅግ ወንድማማቾች ንድፍ ሲሆን ሩሲያ ቱላ ላይ ከ1898 ጀምሮ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ራሷ አመረተችው። ባይንሸራተት ኖሮ ነበር መጠራጠር የሚገባህ።

ሻጩ «ማይጨው የዘመተበት ነው» ይለኛል። ይህ ዋጋ ይጨምራል?

ማስረጃ ካለው አዎን፤ ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ፣ የሹመት ወረቀት። ማስረጃ ከሌለ ለታሪኩ አክብሮት እንጂ ገንዘብ አልከፍልም። ደግሞ ብረቱ ላይ የተመታውን ዓመት እይ። ዓመቱ የፈረንጅ ነው፤ ብዙ ሰው በእኛ አቆጣጠር ያነበዋል። የማይጨው ጦርነት መጋቢት 1928 ነበር፤ በፈረንጅ 1936 ማለት ነው። 1941 የሚል የተመታበት ሽጉጥ በዚያን ጊዜ ገና አልተሠራም። ይህ ሲገጥም ሻጩን ዋሾ አትበለው፤ ብዙውን ጊዜ ቤተሰቡ ከልቡ ያምናል።

ዝገቱን አስፍቄ ቀለም ላስቀባው?

እባክህ አታድርገው! የድሮው ጥቁር ሰማያዊ የብረት ቀለም፣ ቢሳሳም እንኳ፣ ከአዲስ ቀለም ይበልጣል። በሰብሳቢዎች ገበያ የዋጋው ዋና ክፍል ያለው እዚያ ላይ ነው። በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ ብረት ያስታውቃል፤ ጠርዞቹ ይዶለዱማሉ፣ የፋብሪካው ፊደላት ይደበዝዛሉ፣ በሚያብረቀርቀው ሥር የዝገት ጉድጓዶች ይታያሉ። ከነሐሴ ጭጋግ ለመጠበቅ ቀጭን ዘይት በጨርቅ መቀባት ይበቃል። በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ግን አታስቀምጠው፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ማኅደሩን ለብቻው አስቀምጥ፤ እሱም ዋጋ አለው።

ተኩሼ ልሞክረው?

አይሆንም። ባዶ ነው ብትባልም ጎሬዎቹን አንድ በአንድ ራስህ አይተህ አረጋግጥ። የመቶ ዓመት ብረት በአሁኑ ዘመን ጥይት ሊፈነዳ ይችላል።

ጎብኚ በዶላር ልግዛህ ቢለኝስ?

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ መሣሪያ ሲሆን ደግሞ ሁለት ሕግ ነው የምትጥሰው። የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፏል፤ የቀረንን ለውጭ ሰው አሳልፈን ስንሰጥ ማየት ያመኛል።

በብር ስንት ያወጣል?

ሳላየው ቁጥር አልጠራም። መጀመሪያ በአካሉ፣ በአፈሙዙና በተሽከርካሪው ላይ ያሉትን ቁጥሮች አስተያዩ፤ ካልተገጣጠሙ ከሁለት ሽጉጥ የተሰበሰበ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋውም በብዙ ይወርዳል። ቀጥሎ የብሎኖቹን አናት እዩ፤ ከተላላጡ ያልተካነ እጅ ፈትቶታል። መቺውን ወደ ኋላ ስባችሁ ተሽከርካሪውን በጣት ነቅንቁት፤ በግልጽ የሚወዛወዝ ከሆነ አልቋል። በመጨረሻ አፈሙዙን በብርሃን ተመልከቱ፤ ጠመዝማዛዎቹ ጎድጎዶች ጥርት ብለው መታየት አለባቸው። የእነዚህን ፎቶ ከፈቃዱ ጋር ላኩልኝና አይቼ እነግራችኋለሁ።