ቴፑ ዝም ሲል፦ ስለ መኪና ቴፕ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ፋብሪካ ቴፕ ብልሽትና ቅያሪ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። መጀመሪያ ግን ሁለት ነገር ልለምናችሁ። አንደኛ፣ የመኪናውን ሞዴልና ዓመት ጻፉ። ሁለተኛ፣ ከቴፑ ጀርባ ያለውን የፋብሪካ ሶኬት አትቁረጡ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ ስለምለው ታገሱኝ።

ባለ ኮሮላው፦ የ2006 ኮሮላ ነው። ትናንት ማታ በደንብ ይሠራ ነበር። ጠዋት ጭራሽ መብራትም የለው። ተቃጥሎ ነው? አዲስ ልግዛ?

መላሽ፦ ገና አትግዛ። መብራትም ድምፅም ከጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኤሌክትሪኩ ነው። ፊውዝ ሁለት ቦታ ፈልግ። አንዱ የመኪናው ፊውዝ ሳጥን ውስጥ ነው። ሌላው ብዙ ቴፖች ላይ ከጀርባ ተሰክቶ ይገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ 10 ወይም 15 አምፒር ነው። አውጥተህ ወደ ብርሃን አድርገህ እየው። ውስጡ ያለችው ቀጭን መስመር ከተበጠሰች በዚያው አምፒር ቀይር። ከፍ ያለ አታስገባ፤ በሽቦ ወይም በብርማ ወረቀትም አታገናኘው። ፊውዙ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው።

ፊውዙ ደህና ከሆነ ቴፑን አውጣና ሶኬቱ ላይ በመልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ሦስት ነገር ለካ። ቁልፍ ሲዘጋም የማይጠፋ 12 ቮልት አለ? ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚመጣ 12 ቮልትስ? ኔጋቲቩ ከመኪናው አካል ጋር ይገናኛል? ሦስቱም ካሉ የታመመው ቴፑ ራሱ ነው። አንዱ ከጎደለ ግን አዲስ ብትገዛም ያው ዝም ይላል። ብዙ ሰው ደህና ቴፕ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

በቀለም አትመኑ። ቢጫው ቋሚ፣ ቀዩ ከቁልፍ የሚመጣ፣ ጥቁሩ ኔጋቲቭ የሚሆነው ከአዲስ ቴፕ ጋር በሚመጣው ገመድ ላይ ነው። የፋብሪካው ሽቦ ቀለም በየመኪናው ይለያያል።

አዲስ ሹፌር፦ ቴፔ አልሠራ አለኝ። ምን ላድርግ?

መላሽ፦ የቱ መኪና? ምኑ ነው ያልሠራው? መብራቱ፣ ድምፁ ወይስ ሬዲዮው? እንዲህ ተጠይቆ መልስ የለውም።

ጎልፍ ነጂ፦ አዲስ ቴፕ አስገባሁ። ቁልፍ በዘጋሁ ቁጥር ሰዓቱንም የያዝኳቸውን ጣቢያዎችም ይረሳል።

መላሽ፦ ቢጫውና ቀዩ ቦታ ተለዋውጠዋል። በአይሶ ሶኬት፣ ማለትም ብዙ መኪና ላይ ባለው መደበኛ የቴፕ ሶኬት፣ 4ኛው ቋሚ፣ 7ኛው የቁልፍ ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎች፣ ፎልክስቫገንም ጭምር፣ ገልብጠው ያመጡታል። ብዙ አስማሚ ገመድ (የመኪናውን ሶኬት ሳይቆረጥ ከአዲሱ ቴፕ ጋር የሚያገናኘው) ላይ ቀዩና ቢጫው መሀል ላይ ተነቅለው የሚቀያየሩበት ማያያዣ አለ። እሱን አቀያይር። መቁረጥ አያስፈልግም።

ባለ ቪትዝ፦ መኪናዋ ለጃፓን ገበያ የተሠራች ናት። ሬዲዮው ከ90 በላይ አይሄድም።

መላሽ፦ አልተበላሸም። የጃፓን ኤፍኤም ከ76 ይጀምራል፤ የድሮዎቹ ሬዲዮዎች 90 ላይ ያበቃሉ። ሌላው ዓለም በአብዛኛው ከ87.5 እስከ 108 ነው። ከአንቴናው ገመድ ጋር የሚገጠም ማውረጃ አለ፤ ጣቢያዎቹን ዝቅ አድርጎ ወደ ሬዲዮው ክልል ያመጣቸዋል። ስክሪኑ ላይ የምታየው ቁጥር ግን ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል፤ ሁሉም ጣቢያም አይገባም። ጥራት ከፈለግህ ቴፑን መቀየር ይሻላል።

እናት፦ ባትሪ ካስቀየርኩ በኋላ ኮድ አስገቢ ይለኛል።

መላሽ፦ እህቴ፣ በግምት አትሞክሪ። ጥቂት ጊዜ ከተሳሳትሽ ይቆለፋል። ከመኪናው መጽሐፍ ጋር ያለውን ካርድ ፈልጊ። ከሌለ የቴፑን መለያ ቁጥር ይዘሽ የመኪናውን ወኪል ጠይቂ።

ባለ ፒክአፑ፦ ሶኬቱ ተቆርጦ ነው የገዛሁት። የስፒከሮቹን ኔጋቲቭ በሙሉ አንድ ላይ ጠምዝዤ ከመኪናው አካል ጋር ባስረው ችግር አለው? ሽቦ ይቆጥባል።

መላሽ፦ አለው! እባክህ እንዳታደርገው። የድሮ ቴፖች ላይ ይሠራ ነበር። የአሁን ቴፕ ግን እያንዳንዱን ስፒከር በሁለቱም ሽቦ ነው የሚነዳው። ኔጋቲቭ የምትለውም ሽቦ ላይ 6 ቮልት ገደማ አለ። ከአካሉ ጋር ስታገናኘው ቮልቱን ወደ መሬት ታፈሰዋለህ። የተሻሉት ራሳቸውን ይዘጋሉ፤ ሌሎቹ ይቃጠላሉ።

አንድ ጊዜ እንዲህ የታሰረ ቴፕ ከፍቼ አይቻለሁ። አራቱ ሽቦዎች አንድ ላይ ተጠምዝዘው በፕላስተር ተጠቅልለዋል፤ ፕላስተሩ በሙቀት ሙጫው ወጥቶ ይንሸራተታል። ክዳኑን ሳነሳ የተቃጠለ ሽታ ወጣ። ከኋላ ካለው ብረት ጋር በብሎን የታሰረው የድምፅ ማጉያ ቺፕ ደረቱ ላይ የመርፌ ራስ የምታክል ቀዳዳ ነበረችው። ዙሪያዋ ጠቁሯል። ቺፑ ተቀይሮ ቴፑ ዳነ፤ ሶኬቱ ባይቆረጥ ግን መጀመሪያውኑ ይህ አይመጣም ነበር።

ስለዚህ ስምንት ሽቦ ለአራት ስፒከር፣ ሁለት ሁለት አድርገህ። የቱ ከየትኛው ጋር እንደሆነ ለማወቅ 1.5 ቮልት ባትሪ ጥንዱ ላይ ነካ አድርግ። የትኛው በር ጠቅ እንደሚል ትሰማለህ። ባለ 4 ኦም ስፒከር በመልቲሜትር ከ3 እስከ 4 ያሳያል። ይህን ስታደርግ ሽቦው ከቴፑ የተነቀለ ይሁን።

ስታኞ ወዳጅ፦ ማያያዣው በስታኞ ይበየድ፤ ሌላው ሁሉ ይላቀቃል።

የጋራዡ ልጅ፦ መኪና ይንቀጠቀጣል እኮ! የተበየደ ሽቦ ብየዳው ጫፍ ላይ ይደርቅና ይሰበራል። በፒንሳ የሚጨመቅ ማያያዣ ነው የሚሻለው።

ስታኞ ወዳጅ፦ ስንት ዓመት የበየድኩት እስካሁን አለ።

ሙዚቃ ወዳዱ፦ ምን አደከማችሁ? ሁሉንም ጥላችሁ ትልቅ አንድሮይድ ስክሪን ግጠሙ። አራት ጊዜ 50 ዋት ነው።

መላሽ፦ ብየዳውም መጨመቁም በደንብ ከተሠራ ይበቃል። ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ብቻ አይሆንም። አስማሚ ገመድ ካለ ደግሞ ሥራው ጠረጴዛ ላይ ያልቃል፤ የመኪናው ሽቦ አይነካም።

ስለ 50 ዋቱ፣ ያ ለቅጽበት የሚደርስበት ጣሪያ ነው። ከመኪና ባትሪ ብቻ የሚሠራ ተራ ቴፕ ለአንድ ባለ 4 ኦም ስፒከር ሳያቋርጥ የሚሰጠው 20 ዋት አካባቢ ነው። ስክሪን ከመግዛታችሁ በፊት ቀዳዳውን ለኩ። ነጠላው የቴፕ መጠን 180 በ50 ሚሊሜትር፣ ድርቡ 180 በ100 ነው። ብዙ ቶዮታ ወርዱ 200 ስለሆነ በጎን ክፍተት ይቀራል። የመሪው ላይ ቁልፎችና የኋላ ካሜራው ከአዲሱ ጋር መሥራታቸውንም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሌላ ጠያቂ፦ የእኔም መብራት የለውም። ልቀይረው?

መላሽ፦ ወንድሜ፣ ለባለ ኮሮላው የመለስኩትን አንብብ። ሳትለካ አትቀይር።

ዲናሞ፦ ሞተር ሲነሳ ስፒከሩ ላይ ዊ... የሚል ድምፅ አለ። ነዳጅ ስሰጥ ይቀጥናል።

መላሽ፦ ብዙ ጊዜ ኔጋቲቩ ነው። ቀለም ተፍቆ ንጹሕ ብረት ላይ ይታሰር።

ባለ አዲስ ቴፕ፦ ከተገጠመ ወዲህ መኪናው ሁለት ቀን ሲቆም ባትሪው ይሞታል።

መላሽ፦ ቀዩንና ቢጫውን አንድ ላይ ቋሚው ላይ አስረውታል ማለት ይሆናል። ቴፑ አይተኛም። ሁሉን ዘግተህ፣ መኪናው እስኪተኛ አንድ ሰዓት ጠብቀህ፣ ከባትሪው የሚወጣውን ለካ። ከ50 ሚሊአምፒር በታች መሆን አለበት። ቁጥሩን ጻፍልኝ።

ባለ ኮሮላው፦ ተመለስኩ። ፊውዝ ነበር! በዚያው አምፒር ቀየርኩት፣ ሠራ። ከሰዓት ግን እንደገና ተበጠሰ።

መላሽ፦ ጎበዝ፣ ከፍ ያለ አለማስገባትህ። ፊውዝ ሁለቴ ከተበጠሰ የሆነ ቦታ የሚነካካ ነገር አለ። ትናንት ማታ አዲስ የሰካኸው ነገር ነበር?

ባለ ኮሮላው፦ የስልክ ቻርጀር፣ ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ።

መላሽ፦ አንዳንድ መኪና ላይ ከቴፑ ጋር አንድ ፊውዝ ይጋራሉ። ቻርጀሩን ንቀልና የማቀጣጠያውን ጉድጓድ በባትሪ መብራት እየው፤ ሳንቲም ወይም ቁራጭ ብረት ገብቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በዚያው አምፒር አዲስ ፊውዝ አስገባ። ቻርጀሩን ግን አትመልሰው።