ከመልካ ቁንጡሬ እስከ ጢያ፦ ቅርስን ለሕዝብ ስለ ማስተማር ሙያ ጥያቄና መልስ

በሰበታ፣ በዓለም ገናና በሌሎች የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች የምንኖር የቅርስ ወዳጆች በዚህ ሳምንት ጥያቄዎቻችንን ያቀረብነው፣ የጥንት ሰዎች አጥንትና የድንጋይ መሣሪያ በሚቆፈርበት በመልካ ቁንጡሬና ትክል ድንጋዮች ባሉበት በጢያ አካባቢ ለተማሪዎችና ለነዋሪዎች ስለ ጥንታዊ ቅርሶች በማስተማር ረጅም ጊዜ ለቆዩ አባላችን ነው።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ዓለም ገና)፦ መምህር፣ እኔ መቆፈር ሳይሆን የተቆፈረውን ለሕዝብ ማስረዳት ነው የምፈልገው። ምን ልማር?

መልስ፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና አክሱም ዩኒቨርሲቲ የአርኪዮሎጂና የቅርስ አስተዳደር ትምህርት ይሰጣሉ። ታሪክ፣ ሥነ ምድር ወይም መምህርነት አጥንተው ወደዚህ ሥራ የገቡም አሉ። እኔ ግን ከትምህርት ክፍሉ በፊት ስለ ቋንቋ እጠይቅሻለሁ። መልካ ቁንጡሬ ያለው ኦሮሚያ ውስጥ ነው፤ የወረዳው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚጽፈውም፣ ገበሬው ስለ መሬቱ የሚከራከረውም በአፋን ኦሮሞ ነው። ጢያ ስትደርሺ ደግሞ በየቤቱ የሚነገረው የሶዶ ጉራጌዎች ቋንቋ ክስታኔ ነው። ከከተማ ለሚመጣ ጎብኚ በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው ሞልቷል፤ የጎደለን በቁፋሮው ጠርዝ ከብት የሚያግደውን ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚያነጋግር ባለሙያ ነው።

ጥያቄ (አባል፣ ፉሪ)፦ ደመወዙ ስንት ነው?

መልስ፦ እንደ መሥሪያ ቤቱና እንደ ደረጃው ይለያያል። የቅጥር ማስታወቂያውን ያንብቡ።

ጥያቄ (የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህር፣ ሰበታ)፦ ተማሪዎችን ወደ መልካ ቁንጡሬ ልወስድ አስቤአለሁ። ጉብኝቱ ከሽርሽር እንዲያልፍ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ ይህ ነው። ቦታው ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ ለእናንተ የደርሶ መልስ መንገድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የባልጩት ድንጋይ መገኛ ከሆነው ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህም የሚሄደው ትምህርት ቤት በዝቷል። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ልጆቹን በማሳያ ጎጆዎቹ ፊት አሰልፈው፣ ዓመተ ምሕረት አስገልብጠው ይመለሳሉ። ስለ ቦታው ዕድሜ የሚነገረው «ሁለት ሚሊዮን ዓመት» የሚለው ቁጥር ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ምንም አይነግረውም።

እኔ የምጀምረው ከጉዞው በፊት፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው። አንድ ጥግ ውኃ አርከፍክፌ ጭቃ አደርግና ጥቂት ልጆች በባዶ እግራቸው እንዲያልፉበት አደርጋለሁ፤ አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ይቆማል፣ አንዷ ታናሽ እኅቷን አዝላ ትራመዳለች። የቀሩት ፊታቸውን አዙረው ይቆዩና መጥተው አሻራውን ብቻ በማየት ማን ምን እንዳደረገ ይከራከራሉ። ያዘለችው ልጅ ተረከዝ ጠልቆ ሲያገኙት የሚነሣው ጫጫታ ክፍል ውስጥ አይገኝም። ከዚያ በኋላ ጎምቦሬ በሚባለው የመልካ ቁንጡሬ ቁፋሮ ቦታ ላይ ከ700,000 ዓመት በፊት የአዋቂዎችና የሕፃናት እግር ያረፈበት ጭቃ በእሳተ ገሞራ አመድ ተሸፍኖ እንደ ቆየ ስነግራቸው፣ ጥያቄው ከእነሱ ይመጣል፤ ሕፃናቱ እዚያ ምን ይሠሩ ነበር? አካባቢው የጉማሬ አጥንትም የተገኘበት መሆኑን የምነግራቸው ያን ጊዜ ነው።

የድንጋይ መሣሪያ አሠራር ልታሳዩ ካሰባችሁ ግን ሦስት ነገሮችን አደራ እላለሁ። መነጽርና ጓንት ይኑር፤ የባልጩት ስንጣሪ ከምላጭ ይብሳል። ጥረባውን በቅርሱ ቦታ ላይ ፈጽሞ አታካሂዱ፤ ዛሬ የጠረባችሁት ስንጣሪ ከጥንቱ ጋር ከተቀላቀለ የነገው ተመራማሪ መለየት ይቸገራል። ግቢያችሁ ውስጥም ቢሆን ሸራ አንጥፋችሁ ጥረቡ፤ ስንጣሪውን በሙሉ ሰብስባችሁ አስወግዱ። ከሁሉም በላይ ከባልጪት ድንጋይ አታንሡ።

አስተያየት (አባል፣ ቡራዩ)፦ በእኛ ትምህርት ቤት ከባልጪት የመጡ ስንጣሪዎች ለዓመታት በካርቶን ተቀምጠዋል። መሬቱ በእነሱ የተሸፈነ ነው፤ አንድ እፍኝ ቢነሣ ምን ይጎድላል?

አስተያየት (አባል፣ ለገጣፎ)፦ እፍኙን እንተወውና ትልቁን እናንሣ። ዋና ዋናው ግኝት ወደ አዲስ አበባ ሙዚየም ገብቷል፤ የአካባቢው ሰው የገዛ ምድሩን ቅርስ ለማየት የትራንስፖርት ይከፍላል።

አስተያየት (አባል፣ ቡራዩ)፦ ቅሪተ አካል የሚጠበቅበት ክፍል በየወረዳው አለ እንዴ? ጣሪያው በሚያፈስ ቢሮ ሊያስቀምጡት ነው?

አስተያየት (አባል፣ ለገጣፎ)፦ ክፍሉ የማይሠራው ቅርሱ ስለማይመለስ ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ስለ ሕንፃ ስትከራከሩ የካርቶኑን ጉዳይ አለፋችሁት። ድንጋዩ የሚናገረው በተቀመጠበት ቦታ ነው፤ ከየትኛው የአፈር ንብብር፣ ከየትኛው አጥንት አጠገብ እንደተነሣ ካልታወቀ በካርቶን ያለው ስንጣሪ ብቻ ነው። አንድ እፍኝ በየዓመቱ በሚመጣው አውቶቡስ ቁጥር ይባዛ። ኦሪጅናሉ የት ይቀመጥ ለሚለው፣ ለቅሪተ አካል ጥበቃው ይቀድማል፤ ለማስተማር ግን በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ቅጂ ይበቃል፣ ልጆች እንደ ልባቸው ይዳስሱታልና።

ጥያቄ (አባል፣ ሰንዳፋ)፦ ስለ አርኪዮሎጂ ቢያብራሩልን።

መልስ፦ ይህ ጥያቄ አይደለም። ምኑን እንደሚፈልጉ ለይተው ይጠይቁ።

ጥያቄ (የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ፣ ሰበታ)፦ ምእመናን ስለ ሚሊዮን ዓመታት ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል። አስተማሪው እንዴት ይመልስ?

መልስ፦ አስተማሪው የሰውን እምነት ለመመርመር አልተቀጠረም። ቁጥሩን ከመወርወር ይልቅ አለካኩን ያስረዳ፦ በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ያለ ፖታሲየም በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ስለሚለወጥ፣ የተጠራቀመው አርጎን ሲለካ የአመዱ ዕድሜ ይታወቃል። አድማጩ የተነገረውን ይመዝናል፤ ተቀበል ብሎ ማስጨነቅ አያስፈልግም። ካህናቱንም እንደ ተቃዋሚ አትቁጠሯቸው። ከቋጥኝ የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም ከመልካ ቁንጡሬ ብዙም አትርቅም፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 36ቱ የጢያ ትክል ድንጋዮችም በዚሁ በቡታጅራ መንገድ ላይ ናቸው። ሦስቱን ባንድ ጉብኝት አገናኝቶ፣ አዳዲ ላይ ንግግሩን ለካህኑ የለቀቀ አስተማሪ በሚቀጥለው ጊዜ በአክብሮት ይጋበዛል።

ጥያቄ (ተመራቂ፣ ሱሉልታ)፦ ቅጥር የት ይገኛል? ደመወዙስ?

መልስ፦ ደመወዝን በሚመለከት ከላይ መልሻለሁ። ቅጥር የሚገኘው በፌዴራል ደረጃ በቅርስ ባለሥልጣን፣ ከዚያ በክልል፣ በዞንና በወረዳ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች፣ በሙዚየሞችና በዩኒቨርሲቲዎች ነው። እኔ የምመክረው ወረዳውን ነው፤ ተመራቂዎች ይሸሹታል፣ ሕዝቡ ያለው ግን እዚያ ነው። ሲቀጠሩ መጀመሪያ በቁፋሮ ላይ የሠሩ የአካባቢውን ሰዎች ያፈላልጉ። መልካ ቁንጡሬ ላይ ቁፋሮ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ ከዚያ ወዲህ አፈሩን በብሩሽ የጠረጉት፣ አጥንትን ከድንጋይ በእጃቸው የለዩት ገበሬዎች ናቸው። በጉብኝት ቀን ግን በር ጠባቂ ሆነው ይቆማሉ፣ የሚናገረው ትናንት የመጣው ባለ ዲግሪ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት እነዚህን ሰዎች አሠልጥኖ አስተማሪ እንዲያደርጋቸው ሐሳብ አቅርቤ «የትምህርት ማስረጃ የላቸውም» ተብዬአለሁ። እስካሁን ያናድደኛል።

ጥያቄ (አባል፣ ዓለም ገና)፦ ጎረቤቴ ለቤት መሠረት ሲያስቆፍር የሸክላ ስብርባሪና ሹል ድንጋዮች አገኘ። ለጥናት እንዲሆን ጠራርገን እናምጣልዎ?

መልስ፦ አታንሡ! ለእኔም አታምጡ። ቁፋሮውን እዚያ ላይ አቁሙ፤ በቦታው እንዳለ ከጎኑ ሜትር ወይም እስክሪብቶ አድርጋችሁ ፎቶ አንሡ፣ ከዚያ ለቅርስ ባለሥልጣን ወይም ለቅርብ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስታውቁ። ዓዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታም ሆነ በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ እንዳለ እንዲጠብቀው ያዝዛል። ፎቶውን ግን ላኩልኝ፤ ዛሬ ማታ አየዋለሁ።