መልስ፦ የውሃው ንባብ ለምን ይዋልላል?

ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን ልለካ ብዬ ሁለት ምስማር ውሃ ውስጥ ከትቼ ከአርዱይኖ (በኮድ የሚሠራ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) 5 ቮልት ጋር ባገናኝ ቁጥሩ አንድ ቦታ አልቆም አለ ላልከው፦ ኮድህ ምንም አልሆነ። ጥፋቱ ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ በአንድ አቅጣጫ መፍሰሱ ነው። ጠጋ ብለህ እይ፤ አንዱ ምስማር ላይ ደቃቅ አረፋ ተለጥፏል፣ ሌላው ዝጓል። የምትለካው እነሱን ነው እንጂ ውሃውን አይደለም።

ምስማሩን ጣልና ሁለት የማይዝግ ብረት ዘንግ በ1 ሴንቲ ሜትር ርቀት ፕላስቲክ ላይ እሰር (ርቀቱ ከተነቃነቀ ልኬቱ ሁሉ ከንቱ ነው)። ከሰሌዳው ፒን 7 በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ ኤ0 (ቮልቴጅ የሚነበብበት ፒን)፣ ከኤ0 ወደ አንዱ ዘንግ፤ ሌላው ዘንግ ፒን 8 ላይ። 7ን ከፍ (5 ቮልት)፣ 8ን ዝቅ (0 ቮልት) አድርገህ ኤ0ን ወዲያው አንብብ፤ 500 ማይክሮ ሰከንድ ሲሞላ ገልብጠህ ያንኑ ያህል አቆይ፤ ከዚያ ሁለቱንም ዝቅ። ጊዜው እኩል ካልሆነ አረፋው ይመለሳል።

የውሃው ኦም = 1000 × ንባብ ÷ (1023 − ንባብ)፤ ንባብ ማለት ኤ0 የሚሰጥህ ቁጥር ነው። በ25 ዲግሪ የማስተላለፍ አቅሙ 1413 ማይክሮ ሲመንስ (የዚህ አቅም መለኪያ) በሴንቲ ሜትር የሆነውን ማስተካከያ ፈሳሽ ለካ፤ 1413ን ባገኘኸው ኦም አባዛ። ውጤቱ ቋሚህ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የማንኛውንም ውሃ አቅም ለማግኘት ቋሚውን ለኦሙ ማካፈል ብቻ። የማስተላለፍ አቅሙ ውሃው በሞቀ በየዲግሪው 2 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ውሃ የማያስገባውን ዲኤስ18ቢ20 ቴርሞሜትር አብረህ ንከር።