በበረዶ ላይ በሙሉ ልብስና በቆዳ ጫማ ለመሄድ (መልስ)

በረዶ በሚበዛባት የአሜሪካ ከተማ ሚኒያፖሊስ ውስጥ በሙሉ ልብስ ቢሮ ሲገቡ ጫማዎ ነጭ መስመር እያወጣ መበላሸቱንና ብርዱም እግርዎን ዘልቆ እንደሚገባ ጽፈዋል። ጫማዎን አይቀይሩ፤ በላዩ የሚጠለቅ የጎማ መሸፈኛ ገዝተው ቢሮ በር ላይ ያውልቁት።

ነጩ መስመር በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው። ነጭ አቼቶና ውኃ እኩል ደባልቀው፣ ጨርቅ ነክረውና ጨምቀው በዚያው ምሽት ይጥረጉት፤ ካደረ ቆዳውን ያደርቀዋል።

ብርዱ የሚገባው ግን በሱሪው በኩል ነው። ስለዚህ ስሱን ጨርቅ ትተው በሜትር 370 ግራምና ከዚያ በላይ የሚመዝን ፍላኔል (ለስላሳ የሱፍ ጨርቅ) ያሰፉ፣ ከሥሩም ቀጭን የሱፍ የውስጥ ሱሪ ይልበሱ። ካፖርቱ ከጉልበት በታች የሚወርድ ይሁን፤ ሲገዙም ሙሉ ልብሱን እንደለበሱ ይለኩት፣ አለበለዚያ ትከሻው ላይ ይይዝዎታል። በአጭር ጃኬት ሥር ብቅ የሚለው የኮት ጫፍ፣ ለእኔ ከብርዱ ይብሳል።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ የረጠበ ጫማ ማሞቂያ አጠገብ አያስቀምጡ። እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ ሌሊት ትቼው፣ ጠዋት ጣት የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ተሰንጥቆ አገኘሁት። ጋዜጣ ጎስጉሰውበት ከማሞቂያው ርቆ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይደር።