ጥያቄና መልስ፦ ከዜና ጠረጴዛ ወደ ጅማ ታሪክ

የዛሬው ምሽት ጥያቄ፣ በጋዜጠኝነት ሠርተው የጅማንና የጊቤ አካባቢን ታሪክ መጻፍ ለሚፈልጉ ነው። መልስ የሚሰጡት አንጋፋው አርታኢያችን ናቸው።

የጅሬን ልጅ፦ ጋሼ፣ እንደምን አመሹ። የጅማን ታሪክ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ደህና አመሸህ። «የጅማ ታሪክ» የሚባል ርዕስ የለም። አንድ ገበያ፣ አንድ መስጊድ ወይም አንድ ድልድይ ምረጥና ተመለስ።

መንደራ፦ አንድ አዛውንት «የጣሊያን ጊዜ ነው፤ ረመዳን ነበር፤ ቡና እየለቀምን» ይላሉ፤ ዓመቱን ግን አያውቁትም። ይህን ይዤ ምን እጽፋለሁ?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። ዓመቱን ነግረውሻል እኮ! የሂጅራ ዓመት ከእኛ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ረመዳን በየዓመቱ ያንኑ ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ወደ ነበረበት ወቅት የሚመለሰው በ33 ዓመት ገደማ ነው። በእኛ አካባቢ ቀዩ ቡና በብዛት የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ጾሙ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ ባለው ጊዜ የገባባቸው ዓመታት ከ1929 እስከ 1933፣ ከ1961 እስከ 1965፣ ከ1994 እስከ 1998 ናቸው። «የጣሊያን ጊዜ» ስላሉ የመጀመሪያው ረድፍ ብቻ ቀረ።

አሁን ተመልሰሽ አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ ጾሙ ሲያዝ ቡናው ገና መቅላት ጀምሮ ነበር ወይስ ለቀማው ጦፎ? ገና ከነበረ ወደ 1932 እና 1933 ያደላል፤ ጦፎ ከነበረ ወደ 1929 እና 1930። የጾሙ መያዣ ጨረቃ በማየት ስለሚወሰን አንድ ቀን ወዲህ ወዲያ አያስጨንቅሽ። «ጣሊያን» ያላለ ሰው ከሆነ ግን በየረድፉ ዳርና ዳር አንድ ሁለት ዓመት ጨምሪ።

ከዚያ በኋላ «1930» ብለሽ እንዳትጽፊ! «በ1929 ወይም በ1930» በዪ። ሰውየው ያሉትን ቃል እንዳለ አስፍሪ፣ ስሌትሽን ከጎኑ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እለዋለሁ።

አጋሮ፦ በእኛ ቆላው መስከረም ላይ ይለቀማል፤ ጥቅምት ያሉት ለሁሉም አይሠራም።

ሰቃ፦ መስከረም የሚለቀመው አለቅጥ የቸኮለ ሰው ቡና ነው፤ ግማሹ አረንጓዴ።

አጋሮ፦ ሰቃ ከመቼ ወዲህ ነው ቡና የሚያስተምረን?

መልስ፦ አጋሮ ልክ ነው፤ ቆላው ይቀድማል፣ ደጋው ይዘገያል። ስለዚህ ቀበሌውን ሳትይዙ ወቅቱን አትቁጠሩ። የቡና ክርክራችሁን ሌላ ቀን ጨርሱት።

ቦሳ፦ ከአውሮፓ ዓመት ላይ የሚቀነሰው 7 ነው 8?

መልስ፦ ወሩን ሳትነግረኝ አይመለስም። ከሴፕቴምበር 11 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር 10 ደግሞ 8 ነው። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ይውላል። በምታውቃቸው ቀኖች ፈትነው፦ ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888፣ ማርች 1 ቀን 1896 ነው፤ 8። የኃይለ ሥላሴ ዘውድ ጥቅምት 23 ቀን 1923፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1930፤ 7።

ኮፌ፦ «አባ ጅፋር» ብዬ ጽፌ ሁለት መሆናቸው ተነገረኝ።

መልስ፦ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1830 እስከ 1855፣ ሁለተኛው ከ1878 እስከ 1932 ነገሡ። በመካከላቸው አባ ረቡ፣ አባ ቦቃና አባ ጎሞል አሉ። «አባ» እዚህ ላይ የፈረስ ስም ማያያዣ ነው፤ ጅፋር ፈረሱ ነው። የሁለተኛው የልደት ስም ቱሉ ነበር። ሰው በልደት ስሙም በፈረስ ስሙም ስለሚጠራ ሁለቱንም ካልያዝክ አንዱን ሰው ሁለት ታደርገዋለህ፤ ወይም ሁለቱን አንድ።

ጊንጆ፦ አዲስ አበባ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ሄጄ «ጅማ» ብዬ ብፈልግ ብዙም አላገኘሁም።

መልስ፦ በንጉሡ ዘመን ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፤ በደርግ ጊዜም የከፋ ክፍለ ሀገር ናት። «ከፋ» ብለህ ፈልግ። «ጂማ» ብለውም ይጽፉታል። በጣሊያን ሰነድ ስሙ የሚጀምረው በጄ (J) ሳይሆን በጂ (G) ፊደል ነው።

ሂርማታ፦ ጋዜጠኛ በዚህ ሥራ ይበላል? ደሞዙስ?

መልስ፦ ሌላ ጥያቄ።

መንደራ፦ ድምፅ ስቀዳ የስኒው ኳኳታ ብቻ ይሰማኛል።

መልስ፦ ስልኩን ረከቦቱ ካለበት ጠረጴዛ አንሺው። በተናጋሪው በኩል፣ በታጠፈ ጋቢ ወይም ፎጣ ላይ፣ ከአፋቸው አንድ ክንድ ባልሞላ ርቀት አስቀምጪው። ጥሪ እንዳያቋርጥሽ መስመሩን ዝጊ። በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተናጋሪውን ስምና አጠገባቸው ማን እንዳለ በራስሽ ድምፅ ተናገሪ፤ የፋይል ስም ይጠፋል፣ ይህ ግን ከድምፁ ጋር ይኖራል። ሳይታመቅ በሲዲ ጥራት በአንድ ቻናል የተቀዳ አንድ ሰዓት 317 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ ቦታ ሳታዘጋጂ አትሂጂ። ዕለቱኑ ሁለት ቦታ ገልብጪ፤ አንዱ ከቤትሽ ውጭ ይሁን። ወደ ጽሑፍ ስትገለብጪ ለአንድ ሰዓት ቢያንስ አምስት ሰዓት መድቢ። ሰውየው ያሉትን ቃል እንዳለ፣ ስሌትሽን ከጎኑ!

ሰቃ፦ የድሮ ጋዜጣ ቁራጮችን ላሚኔት ላድርጋቸው?

መልስ፦ አይሆንም፤ የተጣበቀ ፕላስቲክ አይላቀቅም። ፕላስተርም አትለጥፍ፤ ቢጫ ይሆናል፣ ወረቀቱንም ይዞት ይሄዳል። በጅማ ክረምት ፌስታል ውስጥ ያሰርከው ወረቀት ይሻግታል። የረጠበውን ፀሐይ ላይ አታስጣ፤ ቀለም በሌለው ንጹሕ ወረቀት መሐል አድርገህ ጥላ ውስጥ አድርቅ፣ እርጥበቱን የሚመጠውን ንጹሕ ወረቀትም ቶሎ ቶሎ ቀይር። ከመቁረጥህ በፊት ደግሞ የጋዜጣው ስም፣ ቀኑና ገጹ በእርሳስ ይጻፍበት። ቀን የሌለው ቁራጭ የቡና መጠቅለያ ነው።

ኮፌ፦ ከሌላ ሰው መጽሐፍ ረጅም ገጽ ብወስድስ?

መልስ፦ የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996ን አንብብ። መብቱ ደራሲው በሕይወት እያለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል።

ሂርማታ፦ ጅማ መጀመሪያ የማን ነበረች?

መልስ፦ ይህን አልነካውም። አንድ ሰነድ ይዘህ ና፣ እሱን እናንብብ።

ቦሳ፦ ጋሼ፣ 1941 ላይ 7 ልቀንስ 8?

መልስ፦ ወሩን አልኩህ!

ቦሳ፦ ይቅርታ። ጅማ ከጣሊያን ነፃ የወጣችበት፣ ጁን 21።

መልስ፦ 8። ሰኔ 14 ቀን 1933። ጁን 21ንም ከጎኑ ጻፈው።