ዜና አንባቢው ለምን አረንጓዴ ሆነ?

ጥያቄው ከደብረ ብርሃን ነው። «የእናቴ ባለ 21 ኢንች የድሮ ቴሌቪዥን ቀኝ ጥጉ አረንጓዴ፣ ግራው ወይን ጠጅ ሆኗል። ዜና አንባቢው ዘወር ባለ ቁጥር ፊቱ ቀለም ይለውጣል። አንድ ሠራተኛ ቲዩቡ ሞቷል አለን። ከወራት በፊት ፊውዙ ተቃጥሎ ተጠግኖ ነበር።»

ቲዩቡ፣ ማለትም ምስሉ የሚታይበት ትልቁ መስታወት፣ አልሞተም ወንድሜ። የሞተ ቲዩብ ይደበዝዛል እንጂ ጥግ መርጦ አይቀባም። ይሄ የማግኔት ጣጣ ነው። አጠገቡ ስፒከር ካለ አንሣው። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ሲቀዘቅዝ ክፈተውና ጆሮህን ጣል አድርግ፤ «ቡም» የሚል አጭር ድምፅ አለ? የለም ብዬ እጠረጥራለሁ። ያ ፊውዝ «የተጠገነው» ፖዚስተሩን፣ ማለትም ማግኔቱን ለሚያጸዳው ሽቦ ከረንት የሚለቀውን ትንሽ ዕቃ፣ ከሥራ ውጪ በማድረግ ይመስለኛል።

ይቺን ማስረዳት ስለምወድ ታገሠኝ። ከስክሪኑ መስታወት ጀርባ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ስስ ብረት አለ። ከቲዩቡ አንገት ሦስት የኤሌክትሮን ጨረሮች ይመጣሉ። በአንድ ቀዳዳ ቢያልፉም አመጣጣቸው ስለሚለያይ አንዱ ቀዩን፣ አንዱ አረንጓዴውን፣ አንዱ ሰማያዊውን ይመታል። ከአምስት ኤሌክትሮን አራቱ ያህል ብረቱ ላይ ነው የሚቀሩት። ፋብሪካ ውስጥ ቀለሙ የሚቀመጠው በብሩሽ እንዳይመስልህ። የሚያበራውን ዱቄት መስታወቱ ላይ ያለብሱና፣ ጨረሩ ወደፊት ከሚመጣበት አቅጣጫ በዚያው ወንፊት በኩል መብራት ያበሩበታል። ብርሃን የነካው ይጠነክራል፣ የቀረው ታጥቦ ይሄዳል። ለሦስቱ ቀለም ሦስት ጊዜ። ስለዚህ ወንፊትና መስታወት እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ናቸው፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ብረቱ ማግኔት ከያዘ ጨረሩ ትንሽ ይጣመምና የቀዩ አረንጓዴው ላይ ያርፋል።

ይህን ማግኔት የሚያጸዳው ቲዩቡን የሚዞረው ጥቅል ሽቦ ነው። ሲከፈት ከባድ ከረንት ይገባበታል፤ ፖዚስተሩ ሲግል ከረንቱን እያሳነሰ ያጠፋዋል። «ቡም» የሚለው እሱ ነው።

አሁን ሶኬቱን ንቀል፣ ጀርባውን ፍታ። ነቅለህም ቦርዱን አትንካ! ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትልቁ ካፓሲተር 300 ቮልት ያህል ይዞ ሊቆይ ይችላል። በባለ 60 ዋት የድሮ አምፖል አራግፈው፣ ዜሮ መግባቱን በቴስተር እይ። ቲዩቡ ላይ ያለውን የጎማ ቆብ ደግሞ ዞር በልለት፤ እዚያ የሚሄደው ወደ 25,000 ቮልት ነው።

የጥቅሉ ሽቦ ተነቅሎ ተንጠልጥሎ ታገኘው ይሆናል። ፖዚስተሩ ከጠፋ ወይም ከተሰነጠቀ በቁጥሩና በእግሩ ብዛት የሚመሳሰል ግዛ። ርካሹን ተወው፤ ነቅነቅ ስታደርገው እንደ ደረቅ ባቄላ የሚንኳኳ አዲስ ዕቃ ሸጠውልኝ ያውቃሉ። በፊውዙ ቦታ ሽቦ ተበይዶ ብታገኝም አይግረምህ፤ እኔ የሲጋራ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሎ አግኝቻለሁ። ቦርዱ ላይ የተጻፈው አምፔር ያለውን ፊውዝ አስገባ።

አንዴ ከፍተህ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ካልጠራ አጥፍተህ ግማሽ ሰዓት አቀዝቅዘው፤ ፖዚስተሩ ሳይበርድ አይሠራም። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግመው። ጀርባውን እንደገና የምትፈታ ከሆነ ግን ካፓሲተሩን እንደገና አራግፍ፣ «ቅድም አራግፌዋለሁ» አይሠራም።