የተረፈ ሽሮፕ፣ ምች እና የጎረቤት ውሻ፦ የአንባቢያን የጤና ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች መልካቸው ይለያይ እንጂ ውስጣቸው አንድ ነው፤ «የያዘኝ ቫይረስ ነው ወይስ ባክቴሪያ?» የሚል። ጥቂቶቹን መርጫለሁ።

«የሦስት ዓመት ልጄን ጉንፋን ይዞታል። ለታላቁ ታዝዞ የተረፈ የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ አለ። ልስጠው?»

አደራ፣ አይስጡት። ባክቴሪያ በራሱ የሚኖር ፍጡር ነው። ይመገባል፤ ከተመቸው ለሁለት እየተከፈለ ይባዛል፤ አንዳንዱ በ20 ደቂቃ ውስጥ እጥፍ ይሆናል። አካሉን ደግፎ የሚይዝ ግድግዳም አለው። አሞክሳሲሊን የሚሠራው ይህ ግድግዳ በትክክል እንዳይገነባ በማድረግ ነው። ቫይረስ ግን ግድግዳም ጓዳም የለውም። የሰው ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ሕዋሱን የራሱ ቅጂ ማምረቻ ያደርገዋል። ጉንፋን የቫይረስ ሕመም ስለሆነ መድኃኒቱ የሚመታው የልጅዎን ሕመም ሳይሆን በአንጀቱ ውስጥ በሰላም የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ነው። ተቅማጥ ሊያመጣበት ይችላል፤ መድኃኒቱን የለመዱት ባክቴሪያዎችም ቦታውን ይይዙታል።

በዚያ ላይ ዱቄቱ አንዴ በውኃ ከተበጠበጠ ማቀዝቀዣ ውስጥም ቢሆን ከ14 ቀን በላይ አይቆይም። ክዳኑ ላይ የደረቀ ቅርፊት የያዘውን ያንን ጠርሙስ እኔም በብዙ ቤት አይቼዋለሁ፤ ዛሬውኑ ያስወግዱት። ለልጁ ፈሳሽ አብዝተው ይስጡት፤ አፍንጫውንም ያጽዱለት። ንፍጡ አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ አይደንግጡ፤ በቫይረስ ሕመምም እንዲያ ይሆናል። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሲተነፍስ ከጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፤ ያኔ አሞክሳሲሊን በሐኪም ትእዛዝ ሕይወት ያድናል።

«ፀሐይ ላይ ውዬ ከንፈሬ ውኃ ሲቋጥር እናቴ ‹ምች መታሽ› ትለኛለች። ሐኪሙ ‹ቫይረስ ነው› አለኝ። ማንን ልመን?»

ሁለቱንም ይመኑ። ውኃ የሚቋጥረው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የሚባል ቫይረስ ነው። ብዙ ሰው በልጅነቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመሳሳም ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ከሰውነት አይወጣም። የፊት ነርቭ በሚነሣበት ቋጠሮ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ኃይለኛ ፀሐይ፣ ትኩሳት ወይም ድካም ሲቀሰቅሰው በነርቩ ላይ ተመልሶ ወደ ከንፈር ይወርዳል። እናትዎ ለዘመናት ሲታይ የኖረውን ነው የነገሩዎት፤ ፀሐይ በእርግጥ ቀስቅሳዋለች። ቫይረሱ ግን ፀሐይ ሳትነካው በፊት እርስዎ ውስጥ ነበር።

ዳማከሴ በመዳፍ ታሽቶ ቡና ላይ ጠብ ሲል የሚሸተው ሽታ ለእኔም የእናቴ ቤት ሽታ ነው፤ ማንም እንዲተወው አልልም። ቁስሉን በነካ እጅዎ ግን ዓይንዎን አይንኩ፤ ይህ ቫይረስ ዓይን ላይ ከወጣ ብርሃን ሊያሳጣ ይችላል። ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ ደግሞ አራስ ልጅ አይሳሙ፤ ለእርስዎ ቀላል የሆነው ቫይረስ ጨቅላ ሊገድል ይችላል። አሲክሎቪር የሚባለው የቫይረስ መድኃኒት የሚጠቅመው ገና መንዘር መንዘር ሲያደርግዎ ከተጀመረ ነው።

አልማዝ ባለጭራም የዚሁ ቫይረስ ዘመድ ነው። በልጅነት ጉድፍ ሆኖ የወጣው ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ከርሞ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ ጎን እንደ መቀነት ተዘርግቶ ይመለሳል።

«በዓመት ሦስቴ ታይፎይድ ይገኝብኛል። ለምን አይለቀኝም?»

ምናልባት ሦስቱም ጊዜ አልያዘዎትም ይሆናል። በየቦታው የሚሠራው ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ባክቴሪያውን አይፈልግም፤ ሰውነት የሠራቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ነው የሚያሳየው። እነርሱ ደግሞ ከድሮ ሕመም ተርፈው፣ ወይም በሌላ ተመሳሳይ ባክቴሪያ ምክንያት ሊገኙ ይችላሉ። የሚሻለው ባክቴሪያውን ራሱን ከደም አሳድጎ የሚፈልገው የደም ካልቸር ነው፤ ደሙም መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት መወሰድ አለበት። ስሙም ሰውን ያደናግራል፤ ታይፎይድ የአንጀት ተስቦ ሲባል ታይፈስም ተስቦ ይባላል። ሁለቱም ከባክቴሪያ ይመጣሉ፤ አንዱ ግን በተበከለ ምግብና ውኃ፣ ሌላው በልብስ ቅማል ነው የሚተላለፈው።

«ወባስ ከየትኛው ወገን ነው?»

ከሁለቱም አይደለም። ፕላዝሞዲየም የሚባል ጥገኛ ተዋሲያን ነው፤ መድኃኒቱም ለብቻው ነው።

«የጎረቤት ውሻ ልጄን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነከሰው። ውሻው ጤነኛ ይመስላል፤ አሥር ቀን ጠብቁ ተባልን።»

ውሻውን አሥር ቀን ይከታተሉት፤ ክትባቱን ግን አያቆዩት። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጃል። ከተነከሱ በኋላ የሚሰጥ ክትባት የሚያድነውም ቫይረሱን ስለሚቀድመው ነው። ሉዊ ፓስተር በ1885 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በውሻ የተነከሰ ልጅ ሲከትብ ቫይረሱን በዓይኑ ያየው ሰው ገና አልነበረም። አዲስ አበባ ጉለሌ ያለው «ፓስተር» ሰፈር የሚጠራው በእርሱ ስም ነው። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም። ይህን ሲያነቡ የልጁ ቁስል ካልታጠበ አሁኑኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡለት፤ ከዚያ ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ውሻው አሥሩን ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ክትባቱን ማቋረጥ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙ ይነግርዎታል።